ለ60 ግራም ሉር ስንት ፓውንድ ክር ይበቃል?

ጥያቄው የመጣው ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ ከሚኖር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅዳ ያለችው እህቴ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነሪሉ፣ ከነክር መጠቅለያው ማለት ነው፣ ላከችልኝ። ዘንጉ 2.7 ሜትር ነው። ከ40 እስከ 80 ግራም የሚል ተጽፎበታል። ከሱ ጋር 60 ግራም የሚመዝኑ የብረት ሉሮች፣ ትንሽ ዓሣ መስለው ዓሣ የሚያታልሉ ማጥመጃዎች፣ አሉ። ሪሉ ላይ የተጠመጠመው ክር ናይለን ነው፣ 10 ፓውንድ ይላል። ስወረውር ክሩ ይበጠስና ሉሩ ብቻውን ሄዶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሦስት ሉር እንዲህ ሄዶብኛል። እዚህ ያለው ዓሣ ትልቅ ስላልሆነ 10 ፓውንድ ይበቃሃል ብለውኝ ነበር። አሁን 20 ልግዛ፣ 30 ወይስ 50? የተገመደው ክር ይሻላል የሚሉኝም አሉ።»

ሸጋ ጥያቄ ነው። አብሽር፣ ዘንግህም ሪልህም ደህና ናቸው። መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ላስከትል። ሪልህን 0.35 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ናይለን ሙላው። ይሄ 14 ፓውንድ አካባቢ ነው። ጫፉ ላይ 4 ሜትር ያህል 30 ፓውንድ ናይለን ቀጥልበት። ሉሩን የምታስረው ወፍራሙ ላይ ነው። 50ውን ተወው።

«ዓሣው ትልቅ ስላልሆነ 10 ይበቃል» ያሉህ ሰዎች ዓሣውንም አሳንሰውታል። አምባዛ ሲያድግ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሄድ ዓሣ ነው። ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። አንተን እያከሰረህ ያለው ዓሣ ሳይሆን ውርወራው ነው። ዓሣ ሲጎትት ሪልህ ፍሬን አለው፣ ክር እየለቀቀ ያበርድልሃል። ስትወረውር ግን ክሩን በጣትህ አንቀህ ይዘኸዋል። ያን ጊዜ የሚለቅልህ ፍሬን የለም። ስለዚህ ከባድ ነገር የሚወረውር ሰው ክሩን የሚመርጠው በሉሩ ክብደት ነው፣ ዓሣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በቁጥር እንየው። 60 ግራም ሉር ከዘንጉ ሲለቅ በሴኮንድ 30 ሜትር ፍጥነት አለው እንበል። ይሄ በሰዓት 108 ኪሎሜትር ነው። ደህና አድርጎ ለሚወረውር ጎልማሳ የማይደረስበት ፍጥነት አይደለም። ሉሩ በዘንግህና በተንጠለጠለው ክር ርዝመት፣ በ3 ሜትር ራዲየስ ቅስት ይሠራል። ክሩ ከዚያ ቅስት እንዳይወጣ ለመያዝ ብቻ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ መጀመሪያ ላይ ዘንጉን ስትመነጭቅ የሚመጣው ድንገተኛ ጫና አለ። ስለዚህ ከ2 ኪሎ በላይ አስብ።

10 ፓውንድ ማለት ክሩ ሳይበጠስ እስከ 4.5 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። «ታዲያ ይበቃል እኮ» ትል ይሆናል። ይበቃ ነበር፣ ክሩ አዲስ፣ ደረቅና ቋጠሮ የሌለው ቢሆን። ቋጠሮ የክርን ጉልበት ይቀንሳል። በደንብ ካልታሰረ እስከ ግማሽ ሊወስደው ይችላል። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ሲርስም ትንሽ ይላላል። ፀሐይ ላይ ከርሞ ከሆነ ደግሞ ይደርቃል። አንድ ቦታ ድንጋይ ነክቶት ተፍቆ እንደሆነ ያ ቦታ ብቻውን ይበጠሳል። እነዚህን ሁሉ ከ4.5 ኪሎ ላይ ቀንሳቸው። በእጅህ የሚቀረው ውርወራው ከሚፈልገው ጋር እኩል ነው፣ ወይም ያንሳል።

ከባሕር ጠረፍ ላይ የሚወረውሩ ሰዎች የሚሠሩበት የቆየ ልማድ አለ። ለእያንዳንዱ 28 ግራም ክብደት የፊት ክርህ፣ ጫፉ ላይ የምትቀጥለው ወፍራሙ ማለት ነው፣ 10 ፓውንድ ይጨምር ይላሉ። 28 ግራም የወሰዱት አንድ አውንስ ስለሆነ ነው። በዚህ ስሌት ለ60 ግራም ቢያንስ 21 ወይም 22 ፓውንድ ያስፈልጋል። እኔ 30 ያልኩህ የአንተ እጅ ገና እየለመደ ስለሆነ ነው። ጀማሪ ዘንጉን በለስላሳ አያወዛውዝም፣ ይመነጭቃል። ነገ 80 ግራም ብታስርበትም ያው 30 ይይዝልሃል።

«እንግዲያው ሪሉን በሙሉ ለምን 30 አልሞላውም?» ብለህ ማሰብህ አይቀርም። መሙላት ትችላለህ። የሚጎዳህ ርቀቱ ነው። 30 ፓውንድ ናይለን 0.55 ሚሊሜትር አካባቢ ይወፍራል። ወፍራም ናይለን ተጠምጥሞ ስለሚከርም እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። የዘንጉን ቀለበቶች እየመታ ይሄዳል፣ ነፋስም ይይዘዋል። ማጠንጠኛው፣ ማለትም የሪሉ ክር የሚጠመጠምበት ክፍል፣ ላይም የሚገባው ክር ያንሳል። ከ0.35 ወደ 0.55 ስትሄድ ያው ሪል የሚይዘው ክር ከግማሽ በታች ይወርዳል። 60 ግራም ያሰርከው ርቆ እንዲሄድልህ ነበር፣ ወፍራሙ ክር መልሶ ያሳጥርብሃል።

የፊት ክሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ጫናው ያለው ክሩ ጣትህን እስኪለቅ ድረስ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ክብደቱን መያዝ ያለበት ከሉሩ እስከ ማጠንጠኛው ያለው ክር ነው። እሱ ወፍራም ይሁን። ሉሩ ከበረረ በኋላ ተከትሎት የሚወጣው ቀጭኑ ነው፣ ያን ጊዜ የሚከብድ ነገር የለበትም። ርዝመቱን ስትለካ የዘንግህን 2.7 ሜትር ያዝ። ከጫፉ የሚንጠለጠለውን 60 ሳንቲሜትር ጨምር። ማጠንጠኛው ላይ ደግሞ አራት አምስት ዙር ይጠምጠም። ሲደመር 4 ሜትር ገደማ ይመጣል። ከዙሮቹ አትቀንስ። ቋጠሮው ከማጠንጠኛው ውጪ ከቀረ ጫናው የሚያርፈው ቀጭኑ ክር ላይ ነው፣ ወፍራሙን በከንቱ ነው የቀጠልከው።

አሁን ወደ ተገመደው ክር። በጣም ጥሩ ነገር ነው። በተመሳሳይ ጉልበት ከናይለን በብዙ ይቀጥናል። 30 ፓውንድ የተገመደ ክር ውፍረቱ ከ10 ፓውንድ ናይለን ጋር ይቀራረባል። ርቆ ይሄዳል፣ ዓሣው ሲነካው ወዲያው ይሰማሃል። ችግሩ አለመለጠጡ ነው። ይሄን ችግር በደንብ መረዳት አለብህ፣ ምክንያቱም ሉሮችህ የጠፉበትን ዋና መንገድም ያሳይሃል።

ሪልህ ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ጠማማ ሽቦ አለች። ስትወረውር ትከፍታታለህ። አንዳንዴ ዘንጉን ስትመነጭቅ በራሷ ትዘጋለች። ወይም ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ተቋጥሮ ይወጣና ቀለበት ላይ ይቀረቀራል። ወይም የዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ ዙር ተጠምጥሞ ሳታየው ትወረውራለህ። በሁሉም ያው ነገር ይሆናል፣ በ108 ኪሎሜትር ፍጥነት የሚሄድ ብረት ድንገት ቁም ይባላል። ያ 60 ግራም 27 ጁል ኃይል ይዟል። ናይለኑ ተለጥጦ በአንድ ሜትር ውስጥ ካቆመው አማካይ ጫናው 3 ኪሎ አይሞላም። የማይለጠጥ ክር በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ለማቆም ከተገደደ ግን አማካዩ ብቻ 14 ኪሎ ይጠጋል። ጫናው ከፍ የሚልበት ቅጽበት ከዚያም ያልፋል። ሠላሳ ፓውንድ የተገመደ ክር ማለት 13.6 ኪሎ ነው። ጥግ ድረስ ጠንካራ የተባለው ክር እንደ ጥይት ጮሆ የሚበጠሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የተገመደ ክር ብታገኝም ከፊቱ ናይለን ቀጥልበት፣ 30 ወይም 40 ፓውንድ። ናይለኑ ከድንጋይም ያድነዋል። የተገመደ ክር ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ቶሎ ይሳሳል። እንዲያም ሆኖ ለአንተ አሁን አልመክርህም። ዋጋው ውድ ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ገበያ ወጥተህ እንደ ልብ የምታገኘው አይደለም። ጣት ይቆርጣል። ሲወሳሰብ ደግሞ መፍታት የለም፣ መቁረጥ ብቻ ነው። ናይለን ላይ እጅህን አፍታታ፣ ከዚያ ትደርስበታለህ።

የቀድሞዎቹ ሦስት ሉሮች በየትኛው መንገድ እንደሄዱ ለማወቅ የቀረውን ክር ጫፍ እየው። ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ከተገኘ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈትቷል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ከቋጠሮው ሥር ከተቆረጠ ቋጠሮው ራሱን በልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ሲታሰር ሳይርስ ስለተሳበ ነው። ደረቅ ናይለን ሲሳብ ይግላል፣ ሲግል ይዳከማል። ብዙ ሜትር አብሮ ከሄደ ደግሞ ወደ ሽቦዋና ወደ ማጠንጠኛው ከንፈር ተመልከት። ጫፉ ሻካራ ከሆነ ቀለበት ነው። ይሄን ለማረጋገጥ ትንሽ ጥጥ በስንጥር ጠቅልለህ በየቀለበቱ ውስጥ አሽከርክር። ጥጡን የሚይዝ ቀለበት ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ቀለበት ይዘህ 100 ፓውንድም ብትገዛ ዋጋ የለውም።

ቋጠሮውን ላስረዳህ። ክሩን በሉሩ ቀለበት አሳልፈው። ጭራውን በዋናው ክር ዙሪያ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዘው። ከዚያ ጭራውን ከሉሩ ቀለበት አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ መልሰህ አሳልፍ። ይሄን ስታደርግ ሌላ ትልቅ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ በእሱም አሳልፈው። በምራቅህ አርሰው። ቀስ ብለህ ሳበው፣ ዙሮቹ ተደርድረው ሲቀመጡ ታያለህ። ከተደራረቡ ፍታና እንደገና እሰር። 30 ፓውንዱ ወፍራም ስለሆነ አራት ዙር ይበቃዋል።

ሁለቱን ክሮች ለማገናኘት ጎን ለጎን አስተኛቸው፣ ጭራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሁን። በአንዱ ጭራ ትንሽ ክብ ሥራና በሁለቱም ክሮች ዙሪያ በክቡ ውስጥ እያሳለፍክ ጠምዝዝ። ቀጭኑን አምስት፣ ወፍራሙን ሦስት ወይም አራት ጊዜ። በሌላው ጭራም እንዲሁ አድርግ። አርስና ዋናዎቹን ክሮች ወደ ውጪ ሳብ። ሁለቱ ቋጠሮዎች ተንሸራትተው መሀል ላይ ይገጥማሉ። ጭራዎቹን አሳጥረህ ቁረጥ፣ ካልሆነ ቀለበቶቹን እየመቱ ያልፋሉ። ስትወረውር ቋጠሮው ከማጠንጠኛው በታችኛው በኩል እንዲያርፍ አድርግ። ጣትህን እየገረፈ እንዳይወጣ ነው።

ገበያ ላይ ስለሚሸጠው ክርም አንድ ነገር ልበል። ርካሽ ክር ላይ የተጻፈውን ፓውንድ አትመን። ውፍረቱ ይሻላል፣ ውፍረቱን ግን በዓይን መገመት ስለማይቻል መፈተን ነው። ጄሪካን አለህ፣ ውሃ አለህ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ክሩን አርስ። ባዶ ጄሪካን ላይ ራስህ በምታስረው ቋጠሮ እሰር፣ ሌላኛውን ጫፍ ለስላሳ ቧንቧ ላይ ብዙ ጊዜ ጠምጥመህ አጥብቀው። ጄሪካኑ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል፣ እግርህ ላይ እንዳይወድቅ። አሁን በሊትር በሊትር ጨምርበት። ጥሩ 0.35 ናይለን ከነቋጠሮው 4 ወይም 5 ሊትር መሸከም አለበት። በ3 ከተበጠሰ የት እንደተበጠሰ እይ። ቋጠሮው ላይ ከሆነ ቋጠሮህን አሻሽል። መሀል ላይ ከሆነ ክሩን ለባለሱቁ መልስለት። ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየመታው የከረመ ክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ፍሬኑን ከመወርወርህ በፊት አጥብቀው። ይሄን ብዙ ሰው አይነግርህም። 60 ግራም ስትወረውር ፍሬኑ ከላላ ማጠንጠኛው ይንሸራተታል፣ ክሩም ጠቋሚ ጣትህን እስከ ሥጋው ይቆርጠዋል። ጣትህ ላይ ፕላስተር ጠምጥም ወይም ጓንት አድርግ። ሉሩ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬኑን መልሰህ አላላ። ልኩ ከዋናው ክር ጉልበት ሩብ እስከ ሲሶ ነው። ለ14 ፓውንድ 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በእጅ ሚዛን ክሩን ስበህ ማስተካከል ትችላለህ። እንዲህ ከተስተካከለ 14 ፓውንድ ለአምባዛ በቂ ነው። አምባዛ አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥርስ አለው፣ ያንን የሚችለው ወፍራሙ የፊት ክር ነው።

50ውን ተወው ያልኩህ ለርቀቱ ብቻ አይደለም። ሉርህ ድንጋይ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው መበጠስ ነው። 50 ፓውንድ ማለት 22.7 ኪሎ ነው፣ ከሱ በፊት ዘንግህ ይሰበራል። ክሩን በእጅህ ጠምጥመህ ከሳብክ እጅህ ይቆረጣል። ሲያዝብህ ዘንጉን ወደ ሉሩ ቀጥ አድርገህ ጠቁም፣ ፍሬኑን ዝጋ፣ ወደ ኋላ ሂድ። ፊትህን ግን ዘወር አድርግ፣ ብረቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልናገር። ያ ሉር የተሠራው ለቀይ ባሕር ነው። እዚያ ውሃው ክፍት ነው፣ ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ የሚበላው ዓሣም ብዙ ነው። የሐይቅ ውሃ ሌላ ነው። ቆሮሶው ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነው፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ተወስዶ የተጨመረ ነው። የሚበላው በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። 60 ግራም ብረት አያሳድድም። ሉር የሚነካልህ አምባዛ ነው፣ እሱም አልፎ አልፎ። አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በጢሙ ነው የሚያድነው፣ የሚወጣውም ይበልጥ ሲመሽ ነው። ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ ነው፣ መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ርቀህ ስለወረወርክ ዓሣው እዚያ አለ ማለት አይደለም። ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ የሚገባበት አካባቢና ደንገሉ የሚያልቅበት ጠርዝ ይሻሉሃል።

እኔ ብሆን በዚያው ዘንግ 40 ግራም ነው የምወረውረው። ዘንጉ ከዚያ በታች አይታጠፍልህም። ሉሩን ትቼም የሥጋ ቁራጭ ወይም ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ አድርጌ ከክብደት ጋር እወረውራለሁ። ለክብደት አንዳንዱ የተጣለ ካንዴላ ያስራል፣ አንዳንዱ ብሎን። ስሌቱ ግን አይለወጥም። ካንዴላም ሉርም 60 ግራም ከመዘነ ክሩ የሚያውቀው ክብደቱን ብቻ ነው። የፊት ክሩ ለሁለቱም ይኑር።

ከመወርወርህ በፊት ከኋላህም ከፊትህም እይ። ሐይቅ ዳር ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ከብት የሚያጠጣ አለ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ታንኳ ያልፋል። ተበጥሶ የሚሄድ 60 ግራም ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ብረት ሰው ቢመታ ቀልድ አይደለም። ዘንግ ከያዘ ሰው አጠገብ አትቁሙ ብለህ ልጆቹን አርቅ። የተቆረጠ ክርም ዳር ላይ አትተው። የውሃ ወፎች እግራቸው ይጠመጠምበታል፣ ናይለን ደግሞ ለዓመታት አይበሰብስም። በኪስህ ይዘህ ሂድ።

10 ፓውንዱን አትጣለው። ደህና ከሆነ ለቆሮሶ ያገለግላል፣ በትንሽ መንጠቆና በትል። ዘንጉም ቀላል የሸንበቆ ይሁን። ለእህትህ ስትደውል ደግሞ ፓውንድ አትጥራላት፣ በሚሊሜትር ንገራት። 0.35 ናይለን 300 ሜትር፣ 0.55 ናይለን 50 ሜትር። የሁለተኛው 50 ሜትር 12 ጊዜ ያህል የፊት ክር ይወጣዋል። የመጀመሪያው ሜትር ሲሻክር ቆርጠህ እሰር፣ ዙሮቹ ማጠንጠኛው ላይ መድረስ ሲያቅታቸው ሙሉውን ቀይር።